ኦቶኢሚውን ስኳርን በአይጥ ማጥናት፦ ከአይጥ መረጣ እስከ ስላይድ ቆጠራ

ዓይነት 1 ስኳር የሚመጣው የራሳችን ቲ ሴሎች (ከበሽታ የሚከላከሉን ነጭ የደም ሴሎች) ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ቤታ ሴሎች ቀስ በቀስ ሲጨርሷቸው ነው፣ መከላከያው እንዲህ የራስን አካል ሲያጠቃ ነው ኦቶኢሚውን የሚባለው። ችግሩ ሰውየው ውሃ ጥም በዝቶበት ሲመረመር ነገሩ ውስጥ ውስጡን ከጀመረ ወራት ወይ ዓመታት አልፈውታል፣ ቆሽት ደሞ እንደ ደም በሲሪንጅ ቀድተህ የምታየው ነገር አይደለም። ሁሉም ወደ አይጥ የሚሄደው ለዚህ ነው፣ አይጥ ላይ ከህመሙ በፊትም በኋላም በየሳምንቱ ቆሽቱን ማየት ይቻላል። ይሄን የምጽፈው በአይጥ ስራ ሊጀምር ለተዘጋጀ ሰው ነው፣ ወይ ደሞ ፔፐር ሲያነብ ሜተድስ ክፍሉ ላይ ምን እንደተሰራ በደንብ መረዳት ለሚፈልግ። አንድ ነገር ግን ከፊት ልበል፣ በዚህ ስራ ላይ አይጡ ስንት ሳምንቱ ነው የሚለው ጥያቄ ከመድሃኒቱም ከዶዙም ይበልጣል፣ ከታች የማወራው ነገር አብዛኛው ዞሮ ዞሮ እዛው ላይ ነው የሚያርፈው።

1. መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዛ አይጡ

ብዙ ሰው ላቡ ውስጥ ያለውን አይጥ አይቶ ነው ጥያቄ የሚያወጣው፣ መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ጻፉት። "በሽታው በራሱ እንዴት ይጀምራል" ከሆነ ማንም ሳይነካው የሚታመም አይጥ ያስፈልጋችኋል። "ይሄ ሴል ብቻውን በሽታ ማምጣት ይችላል ወይ" ከሆነ ሴሉን ወስዳችሁ ሌላ አይጥ ውስጥ የምታስገቡበት ሞዴል ነው የሚሻላችሁ። "የተተከለ ቤታ ሴል ስኳሩን ያስተካክላል ወይ" ከሆነ ደሞ ኦቶኢሚዩኒቲው ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ቆሽቱ በኬሚካል የተጎዳ አይጥ ይበቃል።

በራሱ የሚታመመው ኤንኦዲ ነው። ጃፓን ውስጥ ሺዮኖጊ የሚባለው የመድሃኒት ኩባንያ ላብራቶሪ ያወጣው ዘር ሲሆን በ1980 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ዕድሜ ኢሚውን ሴሎች አይሌቶቹ (ቆሽት ውስጥ ቤታ ሴሎቹ ያሉባቸው ትንንሽ የሴል ስብስቦች) ዙሪያ መሰብሰብ ይጀምራሉ (ይሄ ነው ኢንሱላይተስ የሚባለው)፣ የደም ስኳሩ ግን ገና ንክች አይልም፣ ሴቶቹ ላይ ከፍ ማለት የሚጀምረው ከ12 ሳምንት አካባቢ ወዲህ ነው፣ 30 ሳምንት ሲሞላቸው ጥሩ ኮሎኒ (አንድ ቤት ውስጥ የሚራባ የአይጥ ስብስብ) ውስጥ ከሴቶቹ ከ60 እስከ 80 ፐርሰንት ታመው ታገኛላችሁ፣ ወንዶቹ ግን ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት አካባቢ ናቸው። ስለዚ አብዛኛው ስራ በሴቶቹ ነው የሚሰራው። ሰው ላይ እንዲህ የሰፋ የፆታ ልዩነት እንደሌለ ልብ በሉ።

ሰው ኤንኦዲን የሚወደው በከንቱ አይደለም። ኤምኤችሲ ክላስ 2 ሞለኪውሉ (ለቲ ሴሎች የፕሮቲን ቁርጥራጭ የሚያሳየው)፣ አይ-ኤ-ጂ7 የሚባለው፣ ቤታ ቼይኑ ላይ 57ኛው ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድ የለውም፣ ሰው ላይ ለዓይነት 1 ስኳር የሚያጋልጠው ዲኪው8 ም ልክ እንደዛው ነው። ኢላማውም ኢንሱሊን ራሱ ነው፣ በ2005 የታተመ ስራ ላይ የኤንኦዲ አይጦችን የራሳቸውን ኢንሱሊን ጂኖች አጥፍተው በምትኩ ቢ ቼይኑ 16ኛ ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ የተቀየረበት ኢንሱሊን ሲሰጧቸው፣ ሆርሞኑ ስራውን እየሰራ አይጦቹ ግን ስኳር አልያዛቸውም። አንዲት አሚኖ አሲድ! ይሄን ዓይነት ጥያቄ ሰው ላይ መቼም አትሞክሩትም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኤንኦዲ-ስኪድ ቲም ቢም ሴል የለውም፣ ስለዚ ብቻውን ስኳር አይዘውም፣ ሴል መቀበያ አድርጋችሁ ነው የምትጠቀሙበት። ቢዲሲ2.5 ደሞ ሲዲ4 ሴሎቹ (ሲዲ4ና ሲዲ8 ሁለቱ ዋና የቲ ሴል ዓይነቶች ናቸው) በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቤታ ሴል የሚያውቅ ሪሴፕተር የተሸከሙበት አይጥ ነው፣ ለሲዲ8 የሚሆነው 8.3 ነው። ሪፕ-ኤልሲኤምቪ የሚባለው ደሞ ቤታ ሴሉ ላይ የቫይረስ ፕሮቲን እንዲኖር የተደረገ ነው፣ ቫይረሱን ስትወጉት በ2 ሳምንት አካባቢ ስኳር ይዞት ቁጭ ይላል፣ ሰዓቱን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፣ ግን ኢላማው የቫይረስ ፕሮቲን መሆኑን አትርሱ።

ስትሬፕቶዞቶሲን ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም ስለሚደባለቅ ነው። ይሄ ኬሚካል በግሉት2 (ግሉኮስ ወደ ሴል የሚያስገባ ፕሮቲን) በኩል ቤታ ሴል ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል። በአንዴ ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም በኪሎ ስትሰጡ ንጹህ መመረዝ ነው፣ ኦቶኢሚውን ብሎ ነገር የለም። በትንሽ በትንሹ ከ40 እስከ 50 ሚሊግራም በኪሎ ለ5 ተከታታይ ቀን ሲሰጥ ኢሚውን ሴሎችም ይገባሉ፣ ለዛ ነው ሰዎች "ኦቶኢሚውን ሞዴል" ብለው የሚጽፉት፣ ነገር ግን ሊምፎሳይት (ቲና ቢ ሴል) የሌላቸው ኤንኦዲ-ስኪድ ላይም ያው ስኳር ያመጣል። እኔ በበኩሌ በዚህ ሞዴል ብቻ "ኦቶኢሚውን ስኳርን አስቆምን" የሚል ፔፐር ሳይ ቶሎ አላምንም። ከተጠቀማችሁ ወንዶቹ ከሴቶቹ በላይ እንደሚጎዱ እወቁ፣ ዱቄቱን ደሞ ፒኤች 4.5 የሆነ ሲትሬት በፈር ውስጥ አሟሙታችሁ ወዲያው ውጉ፣ ቆይቶ ከሆነ ይበላሻል፣ ግማሹ አይጥ በትኩሱ ግማሹ በቆየው ከተወጋ ዳታው ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

2. ፈቃድና መቆሚያ መስመር

አይጥ ከማዘዛችሁ በፊት የእንስሳት ስነምግባር ኮሚቴው ፕሮቶኮሉን ማጽደቅ አለበት፣ ይሄ ድርድር የለውም። እዛ ላይ በደንብ አስባችሁ መጻፍ ያለባችሁ አይጡ መቼ ነው ከሙከራው የሚወጣው የሚለውን ነው። ስኳር የያዘው አይጥ ያለ ኢንሱሊን ክብደቱ በፍጥነት ይወርዳል፣ ብዙ ቦታ የክብደት 20 ፐርሰንት መቀነስ መቆሚያ ነው፣ አንዳንዱ 15 ያደርገዋል። ከታመሙ በኋላ የምታቆዩአቸው ከሆነ ኢንሱሊን በመርፌ ወይ ከቆዳ ስር በሚቀበር ፔሌት እንደምትሰጡ ቀድማችሁ ጻፉ። የታመመ አይጥ ብዙ ስለሚሸና ጉዝጓዙ ቶሎ ይርሳል፣ የእንስሳት ቤት ሰራተኞቹ ያንን ኬጅ ቶሎ ቶሎ እንዲቀይሩት ውሃውንም እንዲያዩት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ብዙ ጊዜ "ይሄ ኬጅ ረጥቧል" ብለው ከግሉኮሜትራችሁ ቀድመው የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው።

3. ኮሎኒውን እወቁት

ኤንኦዲ በጣም የሚያስገርመው ነገር ቦታው ንጹህ በሆነ ቁጥር ብዙ መታመሙ ነው። ኢንፌክሽን ካለበት ቤት ውስጥ የበሽታው መጠን ይወርዳል፣ አንዳንድ ቫይረሶችና ማይኮባክቴሪያ ያለበት የፍሮይንድ አድጁቫንት (ኢሚውን ሴሎችን የሚቀሰቅስ ድብልቅ) አንዴ ብቻ ሲሰጡ እንኳ ከስኳር ይከላከላሉ። ምግቡም ይገባበታል፣ የአንጀት ባክቴሪያውም ይገባበታል፣ በ2013 የወጣ ስራ የአዋቂ ወንድ አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ለትናንሽ ሴቶች ሲሰጥ ሴቶቹን እንደጠበቃቸው አሳይቷል። ስለዚ ፔፐር ላይ ያነበባችሁት 80 ፐርሰንት የእናንተ ቤት ውስጥ 50 ሊሆን ይችላል።

ምን ማድረግ ነው ታድያ? ዋናውን ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት ምንም ያልተነኩ ሴቶችን እስከ 30 ሳምንት ዝም ብላችሁ ተከታተሉና የራሳችሁን ከርቭ አውጡ። ሰባት ወር መጠበቅ ያማል አውቃለሁ፣ ግን ያለሱ ኮንትሮል ግሩፓችሁ 40 ፐርሰንት ብቻ ሲታመም መድሃኒቱ ይስራ አይስራ ማወቅ አትችሉም። ሙከራው መሃል ላይ ምግብ አትቀይሩ፣ ጉዝጓዝ አትቀይሩ፣ ክፍል አትቀይሩ። የምታራቡ ከሆነ ደሞ እናቶቹ ሳይታመሙ በልጅነታቸው ማዳቀል ነው፣ ትውልድ በበዛ ቁጥር ዘሩ ከምንጩ ስለሚርቅ በየጊዜው ከምንጩ አዲስ አይጥ አስገቡ። ሰብስትሬኑንም (የኤንኦዲውን ንዑስ ዘር) ሙሉ ስሙን መዝግቡ፣ ሁሉም ኤንኦዲ አንድ አይደለም።

ጂን የጠፋበት ኤንኦዲ የምትፈልጉ ሰዎች ደሞ ተጠንቀቁ። ድሮ የሚደረገው ብላክ ሲክስ (ላብ ውስጥ በብዛት የሚሰራበት ሌላ የአይጥ ዘር) ላይ የተሰራውን አይጥ 10 ትውልድ ወደ ኤንኦዲ ማዳቀል ነበር፣ ችግሩ ከጠፋው ጂን ግራና ቀኝ ያለው የብላክ ሲክስ ዲኤንኤ አብሮ ይመጣል፣ እዛው ጎረቤት ላይ ከስኳር የሚከላከል ጂን ካለ አይጡ ሳይታመም ሲቀር ምስጋናውን ለጠፋው ጂን ትሰጣላችሁ። አሁን በክሪስፐር (ጂን በሚቆርጠው ዘዴ) በቀጥታ ኤንኦዲ ጽንስ ላይ መስራት ስለሚቻል እሱን ምረጡ።

4. መቼ ነው የምትገቡት

መጀመሪያ ላይ ያልኩት ነገር እዚህ ነው ያለው። መድሃኒት ወይ ሌላ ነገር ልትሞክሩ ከሆነ ሶስት በር አለ። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ላይ ስትገቡ በሽታው ገና እየጀመረ ነው፣ እዚህ ላይ የማይሰራ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ኤንኦዲን ከስኳር የጠበቁ ነገሮች ተቆጥረው ከ100 በላይ ናቸው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ላይ ስትገቡ ኢንሱላይተሱ ገብቷል ግን ስኳሩ ደህና ነው፣ ይሄ ሰው ላይ ደሙ ውስጥ በራሱ ቤታ ሴል ላይ የተነሳ አንቲቦዲ ተገኝቶበት ገና ያልታመመውን ሰው ይቀርባል። ሶስተኛው ከታመመ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው፣ ከባዱ እሱ ነው፣ ሐኪም ቤት የሚመጣውን በሽተኛ የሚመስለውም እሱ ነው።

ፀረ-ሲዲ3 አንቲቦዲን (ቲ ሴሎች ላይ ያለውን ሲዲ3 የሚይዘውን መድሃኒት) ለምሳሌ ውሰዱ። በ1994 ገና የታመሙ ኤንኦዲዎች ላይ ለ5 ቀን ሲሰጥ አብዛኞቹ ላይ የደም ስኳሩን ወደ ጤነኛ መጠን መለሰው፣ ገና ያልታመሙ ትናንሽ አይጦች ላይ ግን እንደዛ አልሰራም። ያን ጊዜ ሰው በትናንሾቹ ብቻ ሞክሮ ቢሆን ኖሮ "አይሰራም" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። የዛ መድሃኒት የሰው ስሪት ቴፕሊዙማብ ተብሎ በኖቬምበር 2022 የአሜሪካው መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አጽድቆታል፣ ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዛ በላይ የሆኑ፣ አንቲቦዲ ያላቸውና የስኳር መጠናቸው መዛባት የጀመረ ግን ገና ያልታመሙ ሰዎች ላይ በሽታውን ለማዘግየት፣ ጥናቱ ላይ በመካከለኛ ስሌት ወደ 2 ዓመት ገደማ አዘግይቷል። ኢንሱሊንን እንደ መከላከያ መስጠት ደሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ አይጥ ላይ አሪፍ ነበር፣ ሰው ላይ በመርፌም በአፍም በትልቅ ጥናት ሲሞከር በጥቅሉ አልተሳካም።

መጠበቅ ለማይችል ሰው ማፋጠኛ አለ። ሳይክሎፎስፋማይድ 200 ሚሊግራም በኪሎ ሆድ ውስጥ ስትወጉ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይታመማሉ፣ ወንዶቹም ጭምር። ፒዲ-1ን (የቲ ሴልን ፍሬን) የሚዘጋ አንቲቦዲም ያፋጥናል፣ ካንሰር ታማሚዎች ላይ የዚህ ዓይነት መድሃኒት አልፎ አልፎ ስኳር ማምጣቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን የተፋጠነ በሽታ ዝግ ብሎ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው ብላችሁ አትጻፉ።

5. ስኳሩን መለካት

ከ10 ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንዴ ለኩ፣ ሲጠጉ ሁለቴ። አይጡን ሳታስርቡ፣ ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት። የጅራቱን ጫፍ በትንሽ መርፌ ነካ ታደርጉና የመጀመሪያዋን ጠብታ በጋዝ ጠርጋችሁ ሁለተኛዋን ስትሪፑ ላይ ታስነካላችሁ፣ ጅራቱን አትጭመቁት፣ ደሙ ካልመጣ ትንሽ አሙቁት። ስትይዙት ያስጨነቃችሁት አይጥ ስኳሩ ይወጣል፣ በአይሶፍሉሬን ያደነዘዛችሁት ደሞ የባሰ ይወጣል፣ ስለዚ ሁሉንም በአንድ መንገድ ያዙ፣ ቢቻል አንድ ሰው ይያዝ።

ታሟል የምትሉት ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ በሁለት ተከታታይ ቀን ሲሆን ነው፣ አንዳንድ ላብ 200 ይጠቀማል፣ ዋናው ቀድሞ መወሰንና አለመቀየር ነው። አንዴ 260 አይታችሁ በነጋታው 140 የምታዩት አይጥ አለ፣ ለዛ ነው ሁለቴ የሚለካው። ሽንት በስትሪፕ መለካት ርካሽ ነው ለማጣሪያ ይሆናል፣ ውሳኔውን ግን በደም አድርጉ። ግሉኮሜትሩ ብዙውን ጊዜ ከ600 በላይ ቁጥር አይሰጥም፣ ዳታ ስታስገቡ 600 ብላችሁ ጻፉና እንደዛ እንዳደረጋችሁ ግለጹ።

የታመመውን ለመመለስ የምትሞክሩ ከሆነ መግቢያ ስኳሩን አመጣጥኑት። በ270 የገባ አይጥና በ500 የገባ አይጥ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው የቀረው ቤታ ሴል አለው። አንደኛው ግሩፕ ሳታስቡት ቀለል ያሉትን ከያዘ መድሃኒቱ ተአምር የሰራ ይመስላል።

6. ሴል ማዛወር

ቅርብ ጊዜ ከታመመ ኤንኦዲ ጣፊያውን አውጥታችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ቀይ ደም ሴሉን አስወግዳችሁ፣ 10 ሚሊዮን አካባቢ ሴል በጅራት ደም ስር ለኤንኦዲ-ስኪድ ትሰጣላችሁ፣ አብዛኛው ጊዜ ከ1 እስከ 2 ወር ውስጥ ይታመማል። የነቁ የቢዲሲ2.5 ሴሎች ከሆኑ ግን በ1 ወይ 2 ሳምንት ነው የሚጨርሱት። ጥቅሙ ምንድነው ብትሉ አንዱን ሴል ጨምራችሁ ወይ ቀንሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ለምሳሌ ሲዲ4 ብቻ፣ ሲዲ8 ብቻ፣ ወይ ከሬጉላቶሪ ቲ ሴል (ሌሎቹን ከሚያረጋጋው) ጋር። ሰጪዎቹን ሁሉ ቀላቅላችሁ ለሁለቱም ግሩፕ አከፋፍሉ፣ አንድ ሰጪ ለአንድ ግሩፕ ከሆነ ልዩነቱ የሰጪው ይሁን የሙከራው አይታወቅም። ስኪዶቹ ላይ ደሞ ከእድሜ ጋር የቲመስ ካንሰር ስለሚመጣ ያረጀ አይጥ አትጠቀሙ።

7. ቆሽቱን ማየት

የደም ስኳር የሚነግራችሁ መጨረሻውን ነው፣ መሃሉን የሚነግራችሁ ስላይዱ ነው። ቆሽቱን ከጣፊያው ጋር ይዛችሁ አውጡት፣ በፎርማሊን ዘርግታችሁ አስቀምጡት፣ ተጠቅልሎ ከገባ ስትቆርጡት ግማሹን አታዩትም። አንድ ሴክሽን (ስስ ቁራጭ) አይበቃም፣ ቢያንስ 100 ማይክሮን እየተራራቁ ከተለያየ ደረጃ ቁረጡ፣ አለዚያ አንዱን አይሌት ሁለቴ ትቆጥራላችሁ።

ከዛ ነጥብ መስጠት ነው። 0 ማለት ንጹህ፣ ዙሪያው ላይ አንድም ሰማያዊ ነጠብጣብ (ስላይዱ ላይ የተቀባ ኢሚውን ሴል) የለም። 1 ሴሎቹ ጠርዙ ላይ ተሰብስበዋል ግን አልገቡም፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ጎን ላይ ነው የሚታየው፣ የደም ስር ባለበት በኩል። 2 ገብተው እስከ ግማሽ ድረስ፣ 3 ከግማሽ በላይ፣ 4 በቃ አይሌቱ ራሱ አይታይም። ለአንድ አይጥ ቢያንስ 30 አይሌት ቁጠሩ፣ የሚቆጥረው ሰው የትኛው ግሩፕ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። አንድ ወጥመድ አለ፣ በሽታው ያለቀበት አይጥ ላይ ቤታ ሴሉ ሲጠፋ ኢሚውን ሴሉም ትቶ ይሄዳል፣ ትንንሽ ንጹህ የሚመስሉ አይሌቶች ይቀራሉ፣ እነሱን 0 ብላችሁ ከሰጣችኋቸው የታመመው አይጥ ጤነኛ ይሆንላችኋል። ለዛ ነው ኢንሱሊንና ግሉካጎን (ሌሎቹ የአይሌት ሴሎች የሚያመርቱት ሆርሞን) አብሮ መቀባት ያለበት፣ ግሉካጎን ብቻ የሚበራ አይሌት የሞተ አይሌት ነው።

ሴሎቹን በፍሎ ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን በምልክታቸው አንድ በአንድ በሚለይ ማሽን) ማየት ከፈለጋችሁ አይሌት ማውጣት አለባችሁ። የሐሞት ቱቦው አንጀት የሚገባበትን ቦታ በክላምፕ ትይዙና በቀጭን መርፌ ቀዝቃዛ ኮላጅኔዝ (ቲሹ የሚፈታ ኢንዛይም) 3 ሚሊ ያህል በቱቦው ትገፋላችሁ፣ ቆሽቱ እንደ ፊኛ ሲነፋ ታዩታላችሁ፣ ካልተነፋ መርፌው ወደ ጉበት በኩል አልፏል ወይ ክላምፑ ለቋል። 37 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ኢንዛይሙ ሎት በሎት ስለሚለያይ አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ ደቂቃውን እንደ አዲስ ሞክሩ። ከዛ በማይክሮስኮፕ እያያችሁ በፒፔት ለቀሙ። የቆሽት ሊምፍ ኖዶቹን ከመፍጨታችሁ በፊት ማንሳት ግዴታ ነው፣ አንዷ ከቀረች አይሌት ውስጥ አየን የምትሉት ሊምፎሳይት በሙሉ ከሷ የመጣ ይሆናል።

አንቲቦዲ ስታዙም ኤንኦዲ ነጭ የደም ሴሎቹ ላይ ያለው ምልክት ሲዲ45.1 ነው፣ ለብላክ ሲክስ የገዛችሁት ሲዲ45.2 አይቀባውም፣ የኤንኬ ሴሎች ምልክት የሆነው ኤንኬ1.1 ም እንደዛው አይወጣም። ባዶ ፕሎት አይታችሁ ማሽኑን አትውቀሱ።

8. ስንት አይጥ፣ እንዴትስ ይተነተናል

ኮንትሮላችሁ 70 ፐርሰንት የሚታመም ከሆነና መድሃኒቱ ወደ 35 ያወርደዋል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ 80 ፐርሰንት ፓወር (ልዩነቱ በእውነት ካለ የማግኘት ዕድል) እንዲኖራችሁ በአንድ ግሩፕ 31 አይጥ አካባቢ ያስፈልጋል። ወደ 20 ያወርዳል ካላችሁ 15 አካባቢ ይበቃል። በ8 አይጥ የተሰራ የመከላከል ሙከራ ዝም ብሎ ዕድል ነው። የአንዲት እናት ልጆችን ለሁለቱም ግሩፕ አከፋፍሉ፣ አንድ ኬጅ ውስጥ ያሉ አይጦች አንዱ የሌላውን ፋንድያ ስለሚበሉ ባክቴሪያቸው አንድ ይሆናል፣ ስለዚ ሙሉ ኬጅ መድሃኒት ሙሉ ኬጅ ኮንትሮል ካደረጋችሁ ኬጁን ነው የምታወዳድሩት።

ትንተናው ካፕላን-ማየርና ሎግ-ራንክ (በጊዜ ሂደት ስንቱ እንደታመመ ከርቭ የሚስልና ከርቮቹን የሚያወዳድር ስሌት) ነው፣ ታመመ አልታመመ ብቻ ሳይሆን መቼ ታመመ የሚለውም ስለሚቆጠር። በሌላ ምክንያት የሞተውን አይጥ አትሰርዙት፣ እስከዛ ሳምንት ድረስ ነበር ብላችሁ ሴንሰር አድርጉት። መድሃኒቱን ካቆማችሁ በኋላም ቢያንስ እስከ 30 ሳምንት ተከታተሉ፣ 20 ላይ ያቆመ ሙከራ ማዘግየትን ከመከላከል መለየት አይችልም።

ሲጻፍ ደሞ ሰብስትሬኑ፣ ፆታው፣ ሙከራው የተጀመረበት ሳምንት፣ የቤታችሁ የራሱ የበሽታ መጠን፣ ምግቡ፣ የስኳር መቁረጫ ቁጥሩ፣ ስንት አይጥ ከሙከራው እንደወጣና ለምን፣ ማን ሳያውቅ እንደቆጠረ፣ ሁሉም ሜተድስ ውስጥ ይግባ። ከሁለተኛ ሞዴል ጋር ካልደገማችሁትና የሰው ሴል ላይ ወይ ከሰው ቆሽት በተገኘ ናሙና ላይ ካላያችሁት ርዕሱ ላይ "በኤንኦዲ አይጥ" የምትለዋን ቃል አትቁረጧት።